ጉድለቱ የማን ነው?
ስለ ገጠሩ ኅብረተሰብ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም የተጻፉ ጽሑፎች ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ አንጻር ሲመረመሩ

መግቢያ

በሀገራችን ስለ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶች አጠቃቀም የሚወጡ የጥናት ጽሑፎች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዙ መጥተዋል። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ጽሑፎች በአንድ ዓይነት መንገድ ተነሥተው በአንድ ዓይነት መንገድ ይደመደማሉ። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን ለዓለም ሥጋት መሆናቸው ይገለጻል፤ ቀጥሎ የኅብረተሰቡ ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በመጠይቅ ይለካል፤ ዕውቀቱም አነስተኛ ሆኖ ይገኛል፤ በመጨረሻ «ለኅብረተሰቡ የጤና ትምህርት ሊሰጥ ይገባል» የሚል ምክር ይሰፍራል። አንባቢው ጽሑፉን ከመክፈቱ በፊት መደምደሚያውን ያውቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የአጻጻፍ ልማድ መመርመር ነው። ለምርመራው መነሻ እንዲሆን የተመረጠው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የሚገኘው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ሲሆን፣ የወረዳው ዋና ከተማ ጉንደ ወይን ነው። ወረዳው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የገጠር ሕዝብ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ምን እንደሚሆን እጅግ በጥንቃቄ ከተመዘገበባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ይኸው ወረዳ ነውና። እዚያ የተገኘው ውጤት ከላይ ከተጠቀሰው የተለመደ መደምደሚያ ጋር ሲነጻጸር ጥያቄው ራሱ መልኩን ይለውጣል።

የፍሌሚንግ ምሳሌና ውርሱ

ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ የማድረግ ልማድ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የፔኒሲሊን አባት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 በስቶክሆልም ባደረገው የኖቤል ሽልማት ንግግሩ መጨረሻ ላይ አንድ ምሳሌ ተናግሮ ነበር። የምሳሌው ይዘት ባጭሩ የሚከተለው ነው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ይገዛና ተሕዋስያኑን ለመግደል በማይበቃ፣ መድኃኒቱን እንዲላመዱ ግን በሚበቃ መጠን ይወስዳል። ከዚያም በሽታው ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርሷም በሳንባ ምች ትያዛለች፤ መድኃኒቱ አይሠራላትም፤ ትሞታለች። ለሞቷም ዋናው ተጠያቂ ባልየው ነው።

ምሳሌው ማስጠንቀቂያ ሆኖ አገልግሏል፤ ማስጠንቀቂያውም በመሠረቱ እውነት ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ በምሳሌው የተጠቀሰው የጉሮሮ ሕመም አምጪ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ድረስ በፔኒሲሊን ይታከማል። ሁለተኛ፣ ፔኒሲሊንን የተላመደ ስታፊሎኮከስ በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በብዛት የታየው በባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ነበር። በምሳሌው ውስጥ ግን ሐኪም የለም፣ ሆስፒታል የለም፣ ሻጭም ስሙ አይነሣም። ያለው ያላወቀ ባልና የሞተች ሚስት ብቻ ነው። ዛሬ በጤና ተቋሞቻችን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ማስታወቂያ ከዚህ ምሳሌ እምብዛም አልራቀም።

የመጠይቁ ጉድለቶች

በክልላችን ከተሠሩ ጥናቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ጥናት የከተማውንም የገጠሩንም ኅብረተሰብ በአንድነት በመመልከቱ ከብዙዎቹ ይሻላል። ጥናቱ አግባብ ያልሆነ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም ከመቶ 31 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በከተማና በገጠር መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሰዎቹ መድኃኒቱን የወሰዱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶችም የመተንፈሻ አካል ሕመም፣ ተቅማጥና ቁስል ነበሩ። ከዚህ ውጤት ሊወሰድ የሚገባው ቁም ነገር የከተማና የገጠር ልዩነት አለመታየቱ ነው። ችግሩ የገጠሩ ሰው አለመማር ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ፋርማሲ ባሉበት ከተማ ልዩነቱ ጎልቶ በታየ ነበር። እንዲህ ያለው ውጤት በእጃችን እያለ «የግንዛቤ ማነስ» የሚለውን መደምደሚያ ደጋግመን መጻፋችን ያስገርማል።

እንደነዚህ ያሉት መጠይቆች በጥቅሉ ሦስት ጉድለቶች አሉባቸው።

የመጀመሪያው የቃል ጉድለት ነው። «አንቲባዮቲክ» የገጠሩ ሰው ቃል አይደለም፤ «ፀረ ተሕዋስያን» የሚለውም የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ገበሬው መድኃኒቱን የሚያውቀው በእንክብሉ ቀለም፣ ወይም ቴትራሳይክሊን፣ አምፒሲሊን በሚል የተለመደ ስሙ፣ ወይም በሥራው የሳል፣ የቁስል፣ የዓይን ብሎ ነው። «አንቲባዮቲክ ቫይረስን ይገድላልን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የቃላት ዕውቀቱን እንጂ የመድኃኒት ዕውቀቱን አይለካም። ከዚህም ሌላ እኛ ራሳችን የፈጠርነው ግራ መጋባት አለ። ምች በሕዝቡ ዘንድ ፀሐይ ሲመታ የሚመጣ፣ በዳማከሴ የሚታከም ሕመም ነው። እኛ ኒሞንያን «የሳንባ ምች» ብለን ሰየምነው። ከዚያም «ለሳንባ ምች መድኃኒቱን ሳትዘገዩ ውሰዱ» ብለን ስናስተምር ቆይተን፣ ምች መታኝ ብሎ እንክብል የገዛውን ሰው «ያላግባብ ተጠቀመ» ብለን እንመዘግበዋለን። ሰውየው ግን የሰጠነውን ትምህርት በሰጠነው ቃል መሠረት ተግባራዊ አድርጎታል።

ሁለተኛው የመለኪያ ጉድለት ነው። በመጠይቆቹ ዘንድ አግባብ ያለው አጠቃቀም ማለት በባለሙያ ታዝዞ የተወሰደ ማለት ነው። የታዘዘው ሁሉ ተገቢ ነው የሚል ግምት አለበት። የዕለት ሥራችንን በቅንነት ብንመለከት ይህ ግምት አይጸናም። የተሕዋስያን ማሳደጊያ ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሕመምተኛ የሚያይ ባለሙያ ለተራ ጉንፋን አሞክሲሲሊን ሲጽፍ፣ በአንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ ተመርኩዞ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲያዝ፣ ድርጊቱ በመጠይቁ «አግባብ ያለው» በሚለው ዓምድ ይገባል። ያው ሕመምተኛ በሚቀጥለው ዓመት ያው ሳል ሲመለስበት ያንኑ መድኃኒት ራሱ ሄዶ ቢገዛ ግን «ራስን በራስ ማከም» ይባላል። ሁለተኛው ድርጊት የመጀመሪያው ቅጂ መሆኑን መጠይቁ አያሳይም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ መጠይቆቹ ያለ አግባብ የወሰደውን እንጂ እያስፈለገው ያጣውን አለመቁጠራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ምልክት ከታየባቸው ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ሕፃናት ሁሉም አንቲባዮቲክ ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም፤ ግን የሚያስፈልጋቸው በውስጣቸው አሉ። በሀገራችን ሕፃናት በሳንባ ምች የሚሞቱት መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋስ ስለ ገጠማቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት መድኃኒቱ ጨርሶ ስላልደረሳቸው ነው። ይህን ባዶ ዓምድ ያልያዘ ጥናት የገጠሩን ሁኔታ ግማሹን ብቻ ያሳያል።

በጎንቻ የታየው

አሁን ወደ ጎንቻ ሲሶ እነሴ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የአማራ ክልል ሕፃናት ከመቶ 62.6ቱ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ የሀገሪቱ አማካይ ከመቶ 40 ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት በወረዳው ትልቅ የምርምር ሥራ ተጀመረ። ሥራውን ያካሄዱት የአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ የካርተር ማእከልና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮክተር ተቋም ባለሙያዎች ናቸው። በምርምሩ 72 ንኡስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመድበው፣ ከፊሎቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፊሎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በከፊሎቹ ደግሞ ሕፃናት ብቻ በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን እንዲወስዱ ተደረገ። ለማነጻጸሪያ የተመደቡት ንኡስ ቀበሌዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። መድኃኒቱ የተሰጠው ለታመመውም ላልታመመውም፣ በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተመጠነ፣ በአንድ ጊዜ ዶዝ ነበር።

የዓይኑ ውጤት ግልጽ ነበር። በየሦስት ወሩ መድኃኒት ባገኙት ንኡስ ቀበሌዎች በሕፃናት ዓይን የሚገኘው የክላሚዲያ ኢንፌክሽን በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 48.4 ወደ ከመቶ 3.6 ወረደ። መድኃኒት ያልወሰዱ ትልልቅ ሰዎችም ከሕፃናቱ መታከም ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው ሌላው ውጤት ደግሞ ያልተጠበቀ ነበር። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ንኡስ ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የታየው የሞት ዕድል ካልተሰጠባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ይህ ግኝት ከጊዜ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ለተደረገውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለታተመው ሰፊ ምርምር መንገድ ከፍቷል። በዚያ ምርምር የታየው የሞት ቅነሳ ከጎንቻው ያነሰ፣ ከመቶ 13.5 ያህል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 የሕፃናት ሞት በበዛባቸው አካባቢዎች ብቻ፣ ከ1 እስከ 11 ወር ለሆናቸው ሕፃናት፣ በገደብ ሊሰጥ እንደሚችል መመሪያ አውጥቷል።

የሳንቲሙ ሌላ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በየሦስት ወሩ መድኃኒት ባገኙት ንኡስ ቀበሌዎች ከሕፃናት አፍንጫ በስተ ኋላ ከተወሰዱት ናሙናዎች አዚትሮማይሲንን የተላመደ ኒሞኮከስ የተገኘባቸው በመጀመሪያ ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ ከ12 ወራት በኋላ ከመቶ 46.9 ደረሱ። በዚያው ጊዜ በማነጻጸሪያዎቹ ንኡስ ቀበሌዎች መጠኑ ከመቶ 9.2 ነበር። ፔኒሲሊንን የተላመደ ግን በዓመቱ መጨረሻ መድኃኒቱን ባገኙት ንኡስ ቀበሌዎች አልተገኘም።

እነዚህን አኃዞች ስናነብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ናሙናዎቹ የተወሰዱት ከጤነኛ ሕፃናት እንጂ ከሕሙማን አይደለም፤ በአፍንጫ ውስጥ የተገኘ ተሕዋስ ሁሉ በሽታ አያመጣም። በጉራጌ ዞን የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ስርጭቱ ከቆመ በኋላ የተላመደው ተሕዋስ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ፔኒሲሊን አለመነካቱም ለእኛ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የሕፃናት ሳንባ ምች ዛሬ በጤና ኬላ የሚታከመው በአሞክሲሲሊን ነውና። ስለዚህ «ስርጭቱ ጉዳት ነበር» ማለት አይቻልም። ዓይናቸው የዳነ ሕፃናት አሉ፤ በሞት የቀነሱም አሉ።

ነገር ግን ከእነዚህ አኃዞች መውጫ የሌለው አንድ መደምደሚያ ይገኛል። በጎንቻ ሲሶ እነሴ በአንድ ዓመት ውስጥ በተላመዱ ተሕዋስያን መጠን ላይ የታየውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው የገበሬው አለማወቅ አይደለም። ያመጣው በዕውቀት፣ በጥንቃቄና በበጎ ዓላማ የተሰጠ፣ እኛ የጤና ባለሙያዎች ያደልነው መድኃኒት ነው። መላመድ የጥፋተኝነት ምልክት አይደለም፤ መድኃኒቱ በብዛት በተሠራበት ቦታ ሁሉ የሚከተል ክፍያ ነው። ጥያቄው ክፍያው ለምን ጥቅም ተከፈለ የሚል ነው። በጎንቻ ክፍያው ለዓይን ብርሃንና ለሕፃናት ሕይወት ተከፈለ። ለጉንፋን በምንጽፈው ማዘዣ ግን ክፍያው ለምንም ይከፈላል።

የጽሑፎቹ ጥንካሬና ድካም

እነዚህን የምርምር ጽሑፎች ከመጠይቅ ጥናቶች ጋር አስተያይቶ መፍረድ ካስፈለገ ምስጋና የሚገባቸው በሦስት ነገር ነው። ምደባቸው በዕጣ የተደረገ ነው፤ ማነጻጸሪያ አላቸው፤ ከሁሉም በላይ የሥራቸውን ጥቅም ባሳተሙ በዓመቱ የሥራቸውን ጉዳት ራሳቸው መርምረው አሳትመዋል። ይህ ሐቀኝነት ለሁላችንም አርአያ ነው።

ድካማቸው ሌላ ቦታ ነው። የጎንቻ ሰው በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የሚታየው እንደ ናሙና፣ እንደ ዶዝ ተቀባይና እንደ ቆጠራ ነው። ቃሉ የለም። አንዲት እናት ጤነኛ ልጇን በዓመት አራት ጊዜ መድኃኒት ስታስውጥ ምን እንደ ተረዳች ከውጤት ጽሑፎቹ አይነበብም። ጉዳዩ ግን የምርምሩን ርእስ በቀጥታ የሚነካ ነው። እስቲ ነገሩን ከእርሷ ቦታ ሆነን እንየው። በስርጭቱ ቀን ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ መዋጥ ይበቃል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ዕቃ ይቀበላል። ከወር በኋላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ መድኃኒት ያለ ሕመም እንዳትወስድ፣ ለሰባት ቀን ሳታቋርጥ እንድትውጥ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ይነገራታል። ሁለቱም ትእዛዞች በየምክንያታቸው ትክክል ናቸው። ምክንያታቸው ሳይነገር ሲቀር ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። እናቲቱ የመጀመሪያውን ተከትላ ሁለተኛውን ብትተወው፣ በመጠይቁ «ግንዛቤ የሌላት» ተብላ ትመዘገባለች።

«መድኃኒቱን ሳትጨርሱ አታቁሙ» የሚለው ምክር ራሱ በሊቃውንት ዘንድ ማከራከር ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ከሚያስፈልገው በላይ ረዝሞ የሚወሰድ መድኃኒት መላመድን እንደሚያባብስ አስረድቶ ነበር። ይህ ለቲቢ ሕክምና አይሠራም፤ ለሕመምተኛውም በራሱ ፈቃድ እንዲያቋርጥ ፈቃድ አይሰጠውም። ቢሆንም እኛው ገና የምንከራከርበትን ነገር የገጠሩን ሰው ዕውቀት መለኪያ ማድረጋችን ፍትሐዊ አይደለም።

«ለምን» የሚለው ጥያቄ

ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል የሚለውን ለመረዳት መጠይቅ ብቻ አይበቃም፤ የሰውየውን ቀን መከተል ያስፈልጋል። ከወረዳው ጫፍ፣ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ቆላ የሚኖር አንድ አባወራ እንበል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጤፉ ደርሷል። ልጁ ማሳል ከጀመረ ሁለት ቀን ሆኖታል። ጤና ኬላ ቢሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለስብሰባ ወይም ለቤት ለቤት ጉብኝት ወጥታ ሊሆን ይችላል፤ ብትኖርም መድኃኒቱ አልቆ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ለመድረስ የአጨዳ ቀን ይባክናል። የቅዳሜ ገበያ ላይ ግን የመድኃኒት መደብር አለ፤ እዚያ ወረፋ የለም፣ ካርድ የለም፣ በያዙት ብር ልክ አራት ፍሬ መግዛት ይቻላል። አራት ፍሬ የገዛው ሕመሙ በአራት ፍሬ ይድናል ብሎ ሳይሆን ለአራት ፍሬ የሚሆን ገንዘብ ስለያዘ ነው። ይህ ሰው አላወቀም ሊባል አይችልም፤ አስልቷል።

የተረፈ መድኃኒት የማስቀመጥም ልማድ እንዲሁ ስሌት አለው። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል። ለክረምት እህል የሚያስቀምጥ ቤተሰብ መድኃኒት ቢያስቀምጥ ከጠባዩ አልወጣም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል ለጤና ትምህርት ስንጠቀምበት የኖርን እኛ ነን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት የጤና አገልግሎትና የመድኃኒት አቅርቦት በብዙ ቦታ ሲስተጓጎል፣ መድኃኒት በቤት ያኖረ ሰው የልቡን ፍርሃት እውነት ሆኖ አግኝቶታል። እንዲህ ያለውን ሰው በወቀሳ ከልማዱ ማስወጣት አይቻልም።

እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ፣ ከክኒን ይልቅ መርፌ መምረጥ፣ ለከብት የተገዛውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ለሌላ ጉዳይ ማዋል፣ እነዚህ ሁሉ ጎጂ ልማዶች ናቸው፤ ጎጂነታቸውን መናገር ግዴታችን ነው። ሆኖም ከየት እንደ መጡ መጠየቅም ግዴታችን ነው። የመርፌ ፍቅር መርፌ ከሚወጋ ተቋም የተማሩት ነው። በእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ያለው መድኃኒት የሰው መድኃኒት ዘመድ መሆኑን የገለጸላቸው ማን ነው?

በሌላ በኩል፣ መድኃኒቱን ወደ መንደሩ በማቅረብ ረገድ የተሠራው ሥራ ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሕፃናትን ሳንባ ምች በጤና ኬላ ማከም እንዲችል ተፈቅዶለታል፤ መጀመሪያ በኮትሪሞክሳዞል፣ በኋላም በአሞክሲሲሊን። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኒሞኮከስ ክትባት በሀገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ክትባቱ ሕፃኑ እንዳይታመም በማድረጉ ከማናቸውም የግድግዳ ማስታወቂያ ይልቅ የአንቲባዮቲክን ፍላጎት የሚቀንስ ነው። መድኃኒቱን ያለ አግባብ ከመውሰድ የሚያድነው ትክክለኛው መድኃኒት በቅርብ፣ በወቅቱና በታመነ እጅ መገኘቱ ነው። ክልከላ ብቻውን ይህን አይተካም። ያለ ማዘዣ መሸጥን የሚከለክሉ ሕጎችና መድኃኒት መላመድን ለመግታት በየጊዜው የወጡ ብሔራዊ ስልቶች አሉን፤ ጤና ኬላው ባዶ ሆኖ መደብሩ ብቻ ቢዘጋ ግን፣ መላመድ ከመቀነሱ በፊት የሚጨምረው የሕፃናት ሞት ነው።

ለሥራችን ምን ይጠቅማል?

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለባልደረቦቻችን የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

1. ሕመምተኛውን «ከመምጣትህ በፊት ምን ወስደሃል? ቤትህስ ምን አለ?» ብሎ ያለ ቁጣ መጠየቅ። የሚቆጣን ባለሙያ ሰው እውነቱን አይነግረውም፤ እውነቱ ካልታወቀ ደግሞ የሚታዘዘው መድኃኒት በግምት ይሆናል።

2. አንቲባዮቲክ ሳያስፈልግ ሲቀር «መድኃኒት የለም» ብሎ መስደድ ሳይሆን፣ ሕመሙ ስንት ቀን እንደሚቆይና ምን ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ መመለስ እንደሚገባ መናገር። በተለይ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስና ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ያለውን አደጋ እናት በዓይኗ እንድታውቀው ማሳየት።

3. በስርጭት ቀን ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ለምን እንደሚሰጥ፣ ይህ ለሳልና ለቁስል ለምን እንደማይሠራ በየጊዜው ማስረዳት። ትራኮማን ለመከላከል ከታቀዱት አራት ስልቶች መካከል ፊትን መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና ውኃ ይፈልጋሉ። ውኃ በሌለበት መድኃኒቱ ብቻውን እየተመላለሰ እንዲሠራ ይገደዳል።

4. ጥናት የሚሠሩ ባልደረቦች በመጠይቃቸው ላይ ቢያንስ አራት ዓምዶችን ቢጨምሩ፦ መድኃኒቱን መጀመሪያ ያዘዘው ማን እንደ ነበር፤ በዚያ ቀን በቅርቡ ተቋም መድኃኒት ነበረ ወይስ አልነበረም፤ የሙሉው መድኃኒት ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፤ እያስፈለገው ያላገኘ በቤቱ መኖር አለመኖሩ። ቃላቱንም ከቢሮ ሳይሆን ከመንደሩ መውሰድ።

5. የጥናት ውጤት ወደ ተጠናበት ቦታ በአማርኛ እንዲመለስ ማድረግ። ከጉንደ ወይን ዙሪያ የተገኘው ዕውቀት በለንደንና በኒው ዮርክ ሲጠቀስ፣ ናሙናውን የሰጠው ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የልጅነቱ ናሙና ምን እንዳስተማረ በቋንቋው ሊነገረው ይገባል።

መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ሥጋቱን ለማቃለል አልተጻፈም። የተጻፈው ሥጋቱን ለመመከት የምንጠቀምበት መነጽር የተዛባ መሆኑን ለማመልከት ነው። የገጠሩን ሰው አጠቃቀም የምንመረምር ከሆነ የእኛን አሰጣጥ አብረን መመርመር አለብን፤ ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸውና። የጎንቻ ተመራማሪዎች የሥራቸውን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ሚዛን አስቀምጠው አሳይተውናል። ከእነርሱ የቀረው ሥራ፣ ማለትም መድኃኒቱን የዋጠውን ሰው ቃል መስማት፣ የሌላ ሀገር ተቋም ሊሠራልን የሚችለው አይደለም። ቋንቋውን የምንናገር፣ በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው የተቀመጥን እኛ ልንሠራው ይገባል።